ደህና ማለት አይደለም

ጥር 6 ቀን

ለእቴቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጆሮሽስ እንዴት ነው? «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል እሰማ ነበር፤ የኔ ግን ጭራሽ አገር ጥሎ ሄደ» ብለሽ የጻፍሽውን አውቶቡስ ውስጥ አንብቤ ብቻዬን ስስቅ ሰው ሁሉ አፈጠጠብኝ። «ስልክ አትደውዪ፤ ጎረቤቴ ያልሽውን እየጮኸች ስትደግምልኝ ምስጢራችንን ሰፈሩ ሁሉ ይካፈለዋል» ስላልሽ ይኸው ወረቀት አነሳሁ። መዘግየቴን ይቅር በዪኝ።

የጠየቅሽኝን በየተራው ልመልስ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ መስኮቱ ግን ግድግዳውን ሊያክል ምንም አልቀረው። ከጠዋት እስከ ቀትር ፀሐይ ይገባል። አብራኝ የምትኖረው የላቦራቶሪ ሠራተኛ ንጹሕ ናት፤ እንዲያውም ሲበዛ ንጹሕ ናት፣ ኩባያ ካነሳሁበት ቦታ ትንሽ ዞር ካለ ተከትላ ትመልሰዋለች። ብርዱን ለምጄዋለሁ። እበላለሁ። አዎ፣ በደንብ።

ስለ ሥራዬም ጠይቀሻል። ዶክተሮቹ ከየአገሩ የተሰበሰቡ ናቸው፤ እርስ በርስ የሚግባቡት በእንግሊዝኛ ነው። የኛን ቋንቋ ብቻ የሚያውቅ በሽተኛ ሲመጣ እኔ እጠራለሁ። ሰማያዊ መታወቂያዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ ከሁለቱ መሃል ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ብዬ እቆማለሁ። ደንቡ ጥብቅ ነው፦ በሽተኛው «አመመኝ» ሲል እኔም «አመመኝ» ነው የምለው፤ «አመመው ይላል» አይባልም። በቀን ሃያ ጊዜ ታምሜ፣ ሃያ ጊዜ ዶክተር ሆኜ ወደ ቤቴ እገባለሁ።

የሚያስቸግሩኝ ያው አንቺ እንግሊዝኛ ስታስተምሪ «የማይታዩ ስሞች» ትያቸው የነበሩት ናቸው። ጉበት ይታያል፤ መርፌም ይታያል። ዊክነስ፣ ኮንሸስነስ፣ ሲቪሪቲ፣ ስታቢሊቲ የሚሏቸው የድካም፣ የንቃት፣ የሕመም ክብደትና የመርጋት ስሞች ግን በምን ይያዛሉ? አንዲት ባልደረባዬ ባለፈው ጠይቃኝ ነበር። ስለ በሽተኛ «ስቴብል» ሲባል «ደህና ነው» ብሎ መተርጎም ያስኬዳል? ሲመችሽ ጻፊልኝ፤ አስቸኳይ አይደለም።

በዚህ ሳምንት ፖስታ ቤት ከሄድሽ ግን ደስ ይለኛል።

ልጅሽ


ጥር 15 ቀን

ልጄ፣

ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ። ስለ መስኮቱና ስለ አብሮ አዳሪሽ አንድ ሙሉ አንቀጽ፣ ስለ አንዲት ቃል ደግሞ ጥድፍ ያለ ጥያቄ ጽፈሻል። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት የተማሪ ደብተር ያረምኩ ሴት ነኝ። ተማሪ እንቅልፍ የነሳውን ነገር ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የሚያነሳው፤ ሁልጊዜም «ጓደኛዬ ነው የጠየቀኝ» ይላል።

ቃሉ ይኸውልሽ። ስቴብል ማለት ደህና ማለት አይደለም። መሰላል አጋማሽ ላይ ቆሞ በሁለት እጁ የጨበጠ ሰው አስቢ። አልወደቀም፤ አልወረደምም። በሽተኛ ስቴብል ነው ሲባል ባለበት አለ፣ ለጊዜው አልባሰበትም ማለት ነው። ያለበት ቦታ ግን የትም ሊሆን ይችላል። የእንግሊዝኛ የሁኔታ ቃላት ጣጣቸው ይኼ ነው፤ ለብቻቸው ሲቆሙ ግማሹን ብቻ ነው የሚናገሩት። ስለዚህ ከፊትና ከኋላ የተባለውን መስማት ግድ ይላል።

ከፊቱ ምን ተባለ? ማን ለማን ነው የተናገረው? ከዚያስ ምን ተፈጠረ?

ጤናዬን ጠይቀሻል፤ ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ይለግማል እንጂ ሌላ የለብኝም። የኔን ተይው። ባልደረባሽ ምን እንደሆነች ጻፊልኝ።

እቴቴ


ጥር 24 ቀን

እቴቴ፣

ባልደረባ የለኝም። እዚህ የኛን ቋንቋ የማስተረጉመው እኔ ብቻ ነኝ።

ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ሚስቱን ይዞ መጣ። ጸጉር ሠሪ ናት። ሳንባዋ ተይዞ ትንፋሽ አጥሯት ነበር። እሱ ወፍራም፣ አንገቱ አጭር፣ ድምፁ ግን እንደ ሕፃን ቀጭን የሆነ ሰው ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ከአልጋዋ አጠገብ ካለው የፕላስቲክ ወንበር አልተነሳም። በአራተኛው ቀን ጠዋት የሚያክማት ረጅሙ ዶክተር ኮሪደር ላይ ጠራን። ይኼ ዶክተር ሲናገር ይቸኩላል፤ በዚያ ላይ እየተራመደ ነው የሚናገረው። ያለውን ማስታወሻዬ ላይ ስለጻፍኩት ቃል በቃል ልነግርሽ እችላለሁ፦ «ኸር ኮንዲሽን ኢዝ ሲሪየስ፣ በት ሺ ኢዝ ስቴብል ፎር ናው።»

ከጠዋት ጀምሮ ያስተረጎምኩላቸው ስድስተኛ ሰዎች ነበሩ። ሌላ ክፍል ውስጥ ቀዶ ጥገና ልትገባ ያለች ሴት እየጠበቀችኝ ነበር፤ ነርሷ በሩ ላይ ቆማ በእጇ ትጠራኛለች። ሹፌሩ የሚያየው ዶክተሩን አልነበረም፤ የኔን አፍ ነበር። «ሕመሟ ከብዶ ነበር፤ አሁን ግን ደህና ናት» አልኩት።

እንዲህ ብዬ ነው ያልኩት። «ከባድ ነው» የተባለውን «ከብዶ ነበር» አደረግኩት፣ «ለጊዜው ስቴብል» የተባለውን «ደህና»። ትከሻው እንዴት እንደወረደ ብታዪ! «ተመስገን» አለ። ከዚያ ዶክተሩ መንገዱን ሲቀጥል ሹፌሩ እኔን «የተጫነ ዕቃ አለብኝ፤ ደርሼ ለመመለስ ሦስት ቀን ነው። ልሂድ?» አለኝ። ዶክተሩን ሮጬ መጠየቅ ነበረብኝ። «እሱን እርስዎ ያውቃሉ» ብዬው ወደ ነርሷ ሄድኩ።

በማግስቱ ቀትር ሳይሞላ አረፈች። ለሹፌሩ ቢደወል ስልኩ አልሠራ አለ። በሦስተኛው ቀን በፌስታል ብርቱካን ይዞ እየተጣደፈ ገባ። የነገረችው ነርሷ ናት፤ ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ።

አሁን ዶክተሩን ከስሷል። «ደህና ናት ብሎ አታለለኝ፤ ሚስቴ ብቻዋን እንድትሞት አደረገ» ብሏል። ጉዳዩ የሚታየው የካቲት 18 ቀን ሦስት ሰዎች ባሉበት ኮሚቴ ፊት ነው። የሚያስተረጉም ሰው ሲፈለግ የተጻፈው የኔ ስም ነው። ሌላ ማን አለ? እንግዲህ በዚያ ቀን ቆሜ፣ በራሴ አፍ፣ «ዶክተሩ ደህና ናት አለኝ» እላለሁ ማለት ነው።

ሌላ የሰማ ሰው የለም፤ ቢሰማም ሁለቱን ቋንቋ የሚያውቅ የለም። ረጅሙ ዶክተር ምሳውን ከሰው ጋር መብላት ትቷል። ሰኞ ዕለት ደረጃ ላይ አቁሞኝ «ያልኩትን ታስታውሻለሽ?» አለኝ። «ማስታወሻዬን አያለሁ» አልኩት። ማስታወሻዬ ኪሴ ውስጥ ነበር።

የክሱ ወረቀት ላይ «ኔግሊጀንስ» የሚል ቃል አለ። «ኤረር» ከሚለው በምን ይለያል? የኔ የትኛው ነው? እባክሽ አትቆጪኝ፤ መልሺልኝ ብቻ።

ልጅሽ


የካቲት 2 ቀን

ልጄ፣

አልቆጣሽም። ለመቆጣት አፍ የለኝም፤ ለምን እንደሆነ ከታች ታገኚዋለሽ።

መጀመሪያ የጠየቅሽኝን። ኤረር ስህተት ነው፤ ኔግሊጀንስ ቸልተኝነት ነው። ቃሉን ስታበላሺ ተሳስተሻል፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለዚህ ነው። ሰውየው «ልሂድ?» ሲልሽ ዶክተሩን አለመጠየቅሽ ግን ቸልተኝነት ነው። ላባብልሽ አልችልም። ሁለቱም አለብሽ፤ ሁለቱም ግን የሰው ናቸው። የካቲት 18 ቀን ቆመሽ ዝም ካልሽ ከሁለቱም ይወጣል። ያኔ ሌላ ስም አለው፤ እሱን ስም እኔ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ።

አንቺ ስምንት ዓመትሽ ነበር፤ አባትሽ ካረፈ ቆይቷል። እህቴ፣ እናትሽ፣ ልብስ ፋብሪካ ቁልፍ ትተክል ነበር፤ ታስታውሻለሽ፣ ጣቶቿ ጫፍ ላይ ደርቀው ነበር። ሆዷን ሲያማት የፋብሪካው ሐኪም ወደ ትልቅ ሆስፒታል ላካት፤ ከዚያም በታሸገ ፖስታ ውጤት ሰጧት። በእንግሊዝኛ ነው። ቀጥታ ወደ እኔ ይዛው መጣች። «የተማርሽው አንቺ ነሽ፤ አንብቢልኝ» አለችኝ። መስኮቱ አጠገብ ቆሜ አነበብኩት። ማሊግናንሲ ይላል። አድቫንስድ ይላል። ፑር ፕሮግኖሲስ ይላል። ክፉ እጢ ነው፣ ተስፋፍቷል፣ የመዳን ተስፋው ጥቂት ነው ማለት ነው። አንድም የሳትኩት ቃል አልነበረም።

«ምን ይላል?» አለችኝ።

«የጨጓራ ቁስለት ነው። እረፍት አድርጊ ይላል» አልኳት።

አመነችኝ። ለምን አታምነኝም? አራት ወር ሙሉ ሥራዋ ላይ ዋለች። የዓመት ፈቃዷን ለክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ካንቺ ጋር ልትወስደው አስቀምጣው ነበር። ክረምቱን አላየችውም። አንቺ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላሽ «እማዬ እንደምትሞት ታውቅ ነበር?» ብለሽ ጠየቅሽኝ፤ እኔም «አዎ፣ ተዘጋጅታ ነው የሄደችው» አልኩሽ። እሱም ውሸት ነው። አታውቅም ነበር። እንዳታውቅ ያደረግኳት እኔ ነኝ።

አዝኜላት ነው ያደረግኩት እል ነበር። ሃያ ዓመት ያንን ስል ኖርኩ።

ይኼን የምጽፍልሽ እንድትምሪኝ አይደለም። ዝም ብሎ የኖረ ሰው ምን እንደሚመስል ቀርበሽ እንድታዪው ነው። ካፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ ካፍ ሳይወጣ የቀረው ግን ውስጥ ሆኖ ሰውን ይበላል። ከ18 በፊት እንዲደርስሽ በአስቸኳይ መልእክት ልኬዋለሁ።

እቴቴ


የካቲት 25 ቀን

ልጄ፣

መልስ አልመጣም። ቀኑ አልፏል። ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ምን እንደሆንሽም አላውቅም።

ትናንት ፖስታ ቤት ሄጄ ወደ ሆስፒታሉ ስልክ አስደወልኩ። ጆሮዬ ላይ አድርጌው የሰማሁት እንደ ንብ ያለ ነገር ብቻ ነው። ሠራተኛዋ ተቀብላኝ ጥቂት አወራችና በወረቀት ቁራጭ ላይ «ያ ሰው ከዚያ ክፍል ተነስቷል ይላሉ» ብላ ጻፈችልኝ። ተነስቷል ማለት ምን ማለት ነው? ተባረረ? ተዛወረ? ታመመ? ብጠይቃት ወደሚቀጥለው ባለጉዳይ ዞረች። እንግዲህ ቋንቋ ሳስተምር የኖርኩ ሴት በገዛ ቋንቋዬ አንዲት ቃል ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

በኔ መቆጣት መብትሽ ነው። ቁጣሽንም ቢሆን ጻፊልኝ። በባዶ ወረቀት ላይ ስምሽን ብቻ ብትጽፊም ይበቃኛል።

እቴቴ


መጋቢት 3 ቀን

እቴቴ፣

ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል። አልታመምኩም፤ አልተባረርኩም። ወደ መዝገብ ክፍል ተዛውሬያለሁ፤ እስኪወሰን ድረስ ፋይል እደረድራለሁ።

የመጀመሪያውን ደብዳቤሽን ከስብሰባው በፊት የሆስፒታሉ ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ሰዎች እየተሻገሩኝ ሲያልፉ እንኳ አልተነሳሁም። ከዚያ በኋላ ላንቺ የሚጻፍ ቃል አጣሁ። ብዙ ጊዜ «ይድረስ» ብዬ እጀምርና ለማን እንደሆነ ይጠፋኛል። ስለሱ ኋላ እመለሳለሁ። አስቀድሜ ስብሰባውን ልንገርሽ፤ እስካሁን ለማንም አልነገርኩም።

ክፍሉ ትንሽ ነው። ሰብሳቢዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ሴትዮ ናት። ሹፌሩ በግራ፣ ዶክተሩ በቀኝ፣ እኔ በመሃል፣ ያው ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ። ሹፌሩ ተናገረ። በዚያ ቀጭን ድምፁ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድ በአንድ ተናገረ፤ እኔም በእንግሊዝኛ «ሚስቴ» እያልኩ፣ «ወንበሬ» እያልኩ፣ «ብርቱካን ገዛሁ» እያልኩ ተከተልኩት። «ዶክተሩ ደህና ናት አለኝ» ሲል ያንንም ተረጎምኩ። ዶክተሩ ፊቱ ቀላ። «እንዲያ አላልኩም፤ ስቴብል ነው ያልኩት» አለ።

ወደ ሹፌሩ ዞርኩ። «ዶክተሩ ያለው “ሕመሟ ከባድ ነው፤ ለጊዜው ግን አልባሰባትም” ነው። “ደህና ናት” ያልኩት እኔ ነኝ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ይቅርታ» አልኩት። ያንኑ በእንግሊዝኛ ደገምኩት።

ሰብሳቢዋ ግራ ገባት። መነጽሯን ወደ ዓይኗ አወረደችና «ቆዪ እስቲ፣ ይኼ “እኔ” የማን ነው?» አለች።

«የራሴ ነው» አልኩ።

ማስታወሻዬን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ሹፌሩ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ይጮሃል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቢጮህ በወደድኩ። ዝቅ አድርጎ «እንዲያ ብትይኝ ኖሮ አልሄድም ነበር» አለኝ። ሰብሳቢዋ «ምን አለ?» አለች። ለካ ያንንም መተርጎም አለብኝ። ተረጎምኩት።

ዶክተሩ ከክሱ ነጻ ወጣ። በሩ ላይ ሲያልፈኝ ቆም ብሎ ነበር፤ ከዚያ ደረጃውን ወረደ።

በሦስተኛው ቀን ሹፌሩ መዝገብ ክፍል መጣ። ፋይል በምንሰጥባት ትንሽ መስኮት በኩል አየኝ። «የመጨረሻዋ ቀን እሷ ጋ ነበርሽ?» አለኝ። ነበርኩ። ከጠዋት ጀምሮ ነርሶቹ ስለሚጠሩኝ አጠገቧ ነበርኩ። እስካሁን ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ አስተርጓሚ የሰማውን አይጠየቅማ።

«ምን አለች?»

ላሳምርለት ፈልጌ ነበር፤ እውነቴን ነው። ስሙን እየጠራች ነበር ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩትና እንዳለችው ነገርኩት። «ሹፌሩ መጣ?» አለች። መንገድ ላይ ነው ስንላት «እንዳትደውሉለት፤ መሪ ይዞ ይደነግጣል» አለች። ከዚያ አፍንጫዋ ላይ ያለውን ቱቦ ረገመች። ከዚያ እኔን ትክ ብላ አይታ «አንቺ ልጅ፣ ይኼን ጸጉር ማን ነው የቆረጠልሽ? ጠላትሽ ነው?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ አልተናገረችም።

ሳቀ፤ እቴቴ፣ ጮክ ብሎ ሳቀ። «እሷ ናት! እሷው ናት!» አለ። ከዚያ መስኮቷ ደፍ ላይ ግንባሩን አስደግፎ አለቀሰ። «እስቲ ድገሚልኝ» አለኝ። ደገምኩለት። እንደገና አስደገመኝ። ሲሄድ ደህና ሁኚ አላለኝም፤ ይቅር ብዬሻለሁም አላለኝም። ግን የፈለገውን ይዞ ሄደ።

አሁን ስለ አንቺ። ስላንቺ ምን እንደማስብ ገና አላውቅም። አንዳንድ ቀን አዝንልሻለሁ፤ አንዳንድ ቀን ያ መስኮት አጠገብ ቆመሽ ስታነቢ በዓይኔ አይሻለሁና ወረቀቱን ከእጅሽ መንጠቅ ያምረኛል። አንድ ነገር ብቻ ጻፊልኝ። እማዬ በነዚያ አራት ወራት ምን ትል ነበር? ስለ እኔ ምን አለች? ለኔ ብለሽ አታሳምሪው። እንዳለችው።


መጋቢት 14 ቀን

ልጄ፣

ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። በሦስቱም ላይ እናትሽ የምትናገረው በኔ ቋንቋ ነበር፤ ዓረፍተ ነገሯ ሁሉ የተስተካከለ። እሷ እንዲያ አትናገርም ነበር።

«ይቺ ልጅ ተኝታም ታወራለች፤ ማን ላይ ልትወጣ ነው?» ትል ነበር። ጫማሽ በጠበበ ቁጥር «እግር ነው ወይስ ሐረግ?» ትላለች። አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ በር ላይ ተቀምጣ «ቁስለት እንዲህ አጥንት ድረስ ያማል እንዴ?» አለችኝ። «ያማል» አልኳት።

አሁን ዋናው። እሑድ ነበር። ጓሮ ልብስ እያጠብን አንሶላ እንጨምቃለን፤ አንዱን ጫፍ እሷ፣ አንዱን እኔ ይዘናል። አንቺ አጥር ሥር ብቻሽን ትዘፍኛለሽ። ወደ አንቺ እያየች እንዲህ አለች፦ «አንድ ነገር ብሆን ልጄን ለአባቷ እህት ስጡልኝ። አንቺ ትወጃታለሽ፣ አውቃለሁ። ግን አንቺ ቤት ፊደል እንጂ ሳቅ የለም።»

እኔ አንሶላውን መጠምዘዝ አላቆምኩም። «ምን ትሆኛለሽ? ቁስለት ነው» አልኳት።

እንደምትሞት ብታውቅ ኖሮ ያንን ቃል በሰው ፊት ትናገረው ነበር፤ ኑዛዜ ይሆን ነበር፤ የሚሽረውም አይኖርም ነበር። እኔ ይኼን አውቅ ነበር። አንሶላውን ይዤ እያለሁ አውቅ ነበር። አዝኜላት ነው ስል የኖርኩት ሐሰት አይደለም፤ አዝኜላት ነበር። አንቺንም ፈልጌሽ ነበር። ልጅ አልነበረኝም።

የአባትሽ እህት እስከ ዛሬ አለች። በየዓመቱ ትጽፍልኛለች፤ «ልጅቱ እንዴት ናት? ልትጎበኘኝ አትመጣም?» ትላለች። እኔ ሁልጊዜ «ደህና ናት፤ ሥራ በዝቶባት ነው» ብዬ እመልሳለሁ። ላንቺ አንድም ቀን አልነገርኩሽም።

አድራሻዋን ከዚህ ወረቀት ጀርባ ጽፌዋለሁ። ካንቺ ከተማ የአንድ ቀን መንገድ ነው። ሂጂ። ስትደርሺ በሩን ከመክፈቷ በፊት ታውቂያታለሽ፤ ሳቋ ከውጭ ይሰማል ይላሉ።

አክስትሽ